አጥሩ የት ነው?

ባለፈው መስቀል እንደ ወጉ ወደ ዶዮገና ወጣሁ። የእኛ አገር ሰው የትም ይሥራ የትም፣ መስቀል ደርሶ ቤቱ ካልገባ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ከብሉልኝ ጠጡልኙ በኋላ ማምሻውን ከአባቴ ጋር እንሰቱ ጥግ አረፍ እንዳልን በከምባትኛ አንድ ጥያቄ ጣሉብኝ። ወደ አማርኛ ስመልሰው «ለመሆኑ አዲስ አበባ የምትሠራው ሥራ ምንድን ነው?» የሚል ነው።

«አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለ፤ እሱን ለብዙ እከፋፍለዋለሁ» አልኳቸው።

«በመጋዝ?»

«ኧረ አይደለም! ኮምፒውተሩ እንዳለ ነው። ክፍፍሉ ውስጥ ለውስጥ ነው፤ በዓይን አይታይም።»

ትንሽ ዝም አሉና፣ «ታዲያ አጥሩ የት ነው?» አሉኝ።

ወዳጆቼ፣ በሥራ ዓለም ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይሄኛው ከበደኝ። ምክንያቱም ከዚያ በፊት በነበረው በልግ አንድ ቀን ሙሉ ያሰቃየኝ ይኸው አጥር ነበር።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ስልካችሁን አውጡ። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ የሥራ ፕሮፋይል ከግል ፕሮፋይል ተለይቶ ይቀመጣል። አንዱ ክፍል ያለው ፎቶና መልእክት በሌላው አይታይም። ባትሪው ግን አንድ፣ ፕሮሰሰሩም አንድ። በትልልቅ ተቋማት ሰርቨር ላይ ደግሞ ክፍፍሉ ከዚህ ይጠልቃል። ሎጂካል ፓርቲሽን ወይም በአጭሩ ኤልፓር ይባላል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ የራሱ የሜሞሪ ድርሻ፣ የራሱ የፕሮሰሰር ድርሻ አለው። አንዱ ላይ ሊኑክስ፣ ሌላው ላይ ኤአይኤክስ ሊሠራ ይችላል። የአንዱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ቢወድቅ የሌላው ሥራ ይቀጥላል። ከሥር ሆኖ ድንበሩን የሚጠብቀው ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ሶፍትዌር ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አይቢኤም በሜይንፍሬሞቹ ላይ ይህን ክፍፍል ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በ2001 ፓወር 4 ፕሮሰሰር ወደያዙት የዩኒክስ ሰርቨሮች ወረደ። በ2004 ፓወር 5 ሲመጣ አንድን ፕሮሰሰር እስከ አሥር ቦታ መሸንሸን ተቻለ፤ ከፓወር 7 ፕላስ ወዲህ ደግሞ እስከ ሃያ።

ለምን ይከፈላል? መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ሰው ከሒሳቡ በላይ ገንዘብ ማውጣት ቻለ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ፤ በማግስቱ ደግሞ «የወሰዳችሁትን መልሱ» መጣ። ችግሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደነበር ተነገረ። በዚያ ሰሞን ሰርቨር የምንነካ ልጆች ሁሉ ራሳችንን አንድ ነገር ጠየቅን፤ እኛ አዲስ ነገር የምንሞክረው የት ነው?

የእኔ መሥሪያ ቤት መልስ የሚያኮራ አልነበረም። የምንሞክረው ሕዝብ በሚገለገልበት በዋናው ሲስተም ላይ ነበር፤ ሌሊት ጠብቀን፣ «አደራህን» ብለን። ለሙከራ ሰርቨር በጀት የለም ይባላል። እኔ ግን ያለንን ሰርቨር ከፍቼ ሳየው ሥራ ፈት ሜሞሪና ፕሮሰሰር ሞልቶታል። «አዲስ መግዛት ለምን አስፈለገ? ይሄንኑ እንክፈለው» አልኩ። አለቃዬም «እንግዲያው ያልከው አንተ ነህ፤ ሥራው» አሉኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰርቨሩን ከውጭ የምታዙበት ማኔጅመንት ኮንሶል አለ። እዚያ ገብታችሁ ለአዲሱ ፓርቲሽን ስም ትሰጡና ፕሮፋይል ታዘጋጃላችሁ። ፕሮፋይሉ ለሜሞሪም ለፕሮሰሰርም ሦስት ቁጥር ይጠይቃል፤ ትንሹ፣ የሚፈለገው፣ ትልቁ። ሜሞሪውን 8፣ 16፣ 32 ጊጋባይት አላችሁ እንበል። ማሽኑ ላይ ነፃ የሆነው 12 ብቻ ከሆነ በ12 ይነሳል። ከ8 በታች ከሆነ ግን ጭራሽ አይነሳም። ሥራ ላይ እያለ ሳታጠፉት እስከ 32 ልትጨምሩለት ትችላላችሁ። ከዚያ ማለፍ ከፈለጋችሁ ፕሮፋይሉን ቀይሮ፣ አጥፍቶ እንደገና ማስነሳት ግድ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ስህተት ሠራሁ። «ትልቁ ቁጥር ምን ይጎዳል?» ብዬ 512 ጻፍኩበት። ለካ ሃይፐርቫይዘሩ ለዚያ ትልቅ ቁጥር ማውጫ የሚሆን ቦታ አስቀድሞ ይይዛል፤ በእኛ ማሽን ላይ 1/64ኛውን። 16 ጊጋባይት ለሚበቃው ፓርቲሽን 8 ጊጋባይት ለማውጫ ብቻ ሄደ። ይሄ ብዙም አልጎዳን፤ ቁጥሩን ቀንሼ እንደገና አስነሳሁት።

ሁለተኛው ግን ጎዳን።

ፕሮሰሰሩ ለሁሉም የጋራ ነው። ለእያንዳንዱ ፓርቲሽን ማንም የማይነካበት ድርሻ ትሰጣላችሁ። ከዚያ በላይ የሚተርፈውን ደግሞ «ገደብ የለሽ» ያላችኋቸው ይቀራመቱታል። በምን መጠን? ከ0 እስከ 255 በምትሰጡት ክብደት። ካልነካችሁት 128 ነው። የጋራ ቋታችን 6 ፕሮሰሰር ነበር። ለዋናው ሲስተም 2፣ ለሙከራው ግማሽ ሰጠሁ። ሙከራው እንዳይንቀራፈፍብኝ ብዬ ደግሞ ክብደቱን 255 አደረግኩለት። ዋናው በ128 ቀረ።

ለሳምንታት ምንም አልሆነም። ከዚያ የደመወዝ ሰሞን መጣ። ዋናው ሲስተም በእንደዚህ ያለ ቀን ወደ 5 ፕሮሰሰር ይበላል። 2 ድርሻው ነው፤ ሌላውን 3 የሚያገኘው ከትርፉ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት አንድ ባልደረባዬ በሙከራው ላይ ከባድ ፍተሻ ለቀቀ። ከተረፈው ሦስት ተኩል ፕሮሰሰር ሁለት እጁን ያህል ሙከራው ወሰደ። ዋናው ከሦስት በጥቂት ያለፈ ብቻ ቀረው። ሲስተሙ አልወደቀም፤ አነከሰ። አንድ ዝውውር ደቂቃዎች ይፈጅ ጀመር፤ ስልኩ ሁሉ ይጮኽ ጀመር። እኔም ዋናውን አገላብጬ ባይ ምንም ስህተት የለበትም። አጥሩ አልተጣሰም፤ ሁሉም በድርሻው ላይ ነው።

በዚያ መሀል የእጅ ስልኬ ጠራ። አባቴ ናቸው። «የላክኸው ገንዘብ አልገባም እኮ» አሉኝ። የዘር ድንች መግዣ ነበር። የገበያ ቀን ነው፤ ነጋዴው ፊታቸው ቆሟል። «ትንሽ ጠብቁ አባዬ» አልኳቸው። እንዲያ ብዬ ስዘጋ ጆሮዬ ይግል ነበር። የሚያስጠብቃቸው ሲስተም የኔው ነዋ።

ነገሩን ያገኘሁት ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ፣ የጋራ ቋቱን ስከፍት ነው። የሙከራውን ክብደት ወደ 10 አወረድኩ፤ ማጥፋት ማስነሳት አላስፈለገም። ዋናው ወዲያው ተነፈሰ። በዚያው ሳምንት ሙከራውን ገደብ አበጀሁለት፤ የዋናውንም ድርሻ በሥራ በሚበዛበት ቀን ልክ አሳደግኩ። የአባቴ ገንዘብም ገባ። ነጋዴው ግን ድንቹን ለሌላ ሰው ሸጦ ሄዶ ነበር።

እንግዲህ ያን የመስቀል ማምሻ «አጥሩ የት ነው?» ሲሉኝ ይሄን ሁሉ ዘርግፌ ነገርኳቸው። የዚያን ቀን ያስጠበቅኳቸው እኔ እንደነበርኩም ጭምር። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ወደ ማሳው ዳር ላኩ። ከእኛ ድንበር ወዲያ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ተሰልፎ ቆሟል። በእኛ በኩል፣ ከሱ ትይዩ ያለው እንሰት ከሌላው ያጠረና የገረጣ ነው።

«አየኸው?» አሉኝ። «ድንበራችንን አንድ ስንዝር አልተሻገረም። ለሽማግሌ ብከሰው ይረታኛል። የወሰደው ውኃውን ነው።»

ይሄን የሥልጠና መጽሐፍ እንዲህ አድርጎ አልነገረኝም። መሬት በጠበበበት አገር፣ በአንድ ማሳ ላይ እንሰቱም፣ ድንቹም፣ የበጉ ደሾ ሳርም ተጠጋግተው በሚበቅሉበት ቦታ ያደገ ሰው ድንበር ብቻውን እንደማይበቃ ያውቃል። ከድንበሩ ሥር የሚፈሰው የጋራ ነገር የማን ነው? በክፉ ቀን ቅድሚያው ለማን ነው? ሰርቨሩም የሚጠይቀን ይኸንኑ ነው።

ሙያውን መማር ለምትፈልጉ ልጆች አንድ ሁለት ነገር ልበል። እንዲህ ያለ ሰርቨር ቤታችሁ አይገኝም፤ ግን አንድ ላፕቶፕ ላይ በነፃ ሶፍትዌር ሁለት ቨርቹዋል ማሽን አስነስታችሁ ሐሳቡን መለማመድ ትችላላችሁ። አንዱን በሥራ አስጨንቁና ሌላው ምን እንደሚሆን እዩ። ደግሞም ክፍፍል መጠባበቂያ አይደለም። ሰርቨሩ መብራት ካጣ ሁሉም ክፍል አብሮ ይጨልማል፤ ስለዚህ ቅጂው ሌላ ማሽን፣ ሌላ ቦታ ይሁን። ቁጥር ስትሞሉ ደግሞ ሰላማዊውን ቀን ሳይሆን የደመወዙን ቀን አስቡ።

አሁን አባቴ ሲደውሉ ከሰላምታው ቀጥሎ አንድ ጥያቄ አላቸው። «ባሕር ዛፉ እንዴት ነው?» ይሉኛል። «ገደብ አበጅቼለታለሁ አባዬ» እላለሁ። ይስቃሉ። የሳቸው ባሕር ዛፍ ግን አሁንም እዚያው ቆሟል።