የቀዶ ሕክምና ምርምር ረዳቶች፦ ስማቸው ያልተጻፈ ባለሙያዎች

ደብረ ብርሃን፦ አዲስ የቀዶ ሕክምና ዘዴ ወይም አዲስ የልብ መሣሪያ ወደ ሰው አካል ከመድረሱ በፊት በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ በበግ፣ በአሳማ ወይም በሌላ እንስሳ ላይ ይፈተሻል። ምርምሩን የሚመራው ፕሮፌሰር ነው። እንስሳውን መዝኖ የሚያዘጋጀው፣ ማደንዘዣ ሲሰጠው እስትንፋሱንና የልብ ምቱን የሚከታተለው፣ መሣሪያውን ከጀርም የሚያጸዳው፣ ብዙ ጊዜም ደም ሥር የሚሰፋውና ሌሊቱን ከእንስሳው ጋር የሚያድረው ግን የላቦራቶሪ ረዳቱ ነው።

ጉዳዩ ለሰሜን ሸዋ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም በአንዳንድ ልጆች ላይ ውሎ አድሮ የልብን ቫልቭ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈተውንና የሚዘጋውን ክፍል ይጎዳል። በኢትዮጵያ ልጆችንና ወጣቶችን ለልብ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። የተጎዳው ቫልቭ በሰው ሠራሽ ሲተካ፣ ተተኪው ቫልቭ አስቀድሞ በአብዛኛው የተፈተነው በበግ ልብ ላይ ነው። የበግ ልብ በመጠን ከሰው ልብ ጋር ይቀራረባል። ከእንስሳ ኅብረ ሕዋስ የተሠራ ቫልቭ ደግሞ በወጣት በግ ውስጥ ካልሲየም ቶሎ ስለሚከማችበት፣ በሰው ላይ ዓመታት የሚፈጅ ጉድለት በወራት ውስጥ ይታያል።

ይሁንና በግ ለማደንዘዝ ቀላል እንስሳ አይደለም። የሚያመሰኳ በመሆኑ ጨጓራው በመኖ የተሞላ ነው። ደንዝዞ በጎኑ ሲተኛ የበላው ወደ አፉ ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ግሳቱ ስለሚቋረጥም አየር ይጠራቀምና ሆዱ ይነፋል፤ የተነፋው ሆድ ሳንባውን ይጫናል። ስለዚህ ረዳቱ ከሥራው በፊት መኖ ይከለክላል፣ የመተንፈሻ ቱቦ ያስገባል፣ ሌላ ቱቦ ወደ ጨጓራው አውርዶ አየሩን ያስወጣል። እርጥብ ሣር በልቶ የተነፋ በግ ያየ የመንዝ ወይም የአንኮበር አርሶ አደር ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያሻውም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ሥራ ይበልጥ ይከብዳል። በግ ሕመሙን ይደብቃል። በተፈጥሮው በአውሬ የሚታደን እንስሳ ስለሆነ ደካማነቱን አያሳይም። ጥርሱን ማፋጨቱን፣ ጆሮውን መጣሉን፣ ማመስኳቱን ማቆሙን፣ ከመንጋው ተነጥሎ መቆሙን አይቶ ማስታገሻ እንደሚያስፈልገው የሚያውቀው አብሮት የሚውል ሰው ነው። ረዳቱ ሙቀቱን፣ የጠጣውን ውኃ፣ የቁስሉን ሁኔታና የተሰጠውን መድኃኒት በየሰዓቱ በመዝገብ ያሰፍራል። መዝገቡ ከተሳሳተ የምርምሩ ውጤትም ይሳሳታል። የተሳሳተው ውጤት የሚያርፈው ደግሞ በሰው ልጅ ልብ ላይ ነው።

ለዚህ ሥራ ከብት አያያዝ ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም የደቡብ አፍሪካዊው ሃሚልተን ናኪ ታሪክ ያሳያል። ናኪ እ.ኤ.አ. በ1926 በትራንስካይ ገጠር ተወልደው በልጅነታቸው ከብት ጠብቀዋል። ትምህርታቸውን በ14 ዓመታቸው አቋርጠው ሥራ ፍለጋ ወደ ኬፕ ታውን ሄዱ፤ በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲም አትክልተኛ ሆኑ። በ1954 ፕሮፌሰር ሮበርት ጎትዝ አንዲት ቀጭኔ የሚይዝላቸው ሰው አስፈለጋቸው። ቀጭኔ ውኃ ለመጠጣት አንገቷን ስታጎነብስ ለምን ራሷን እንደማትስት እያጠኑ ነበር። ናኪ ቀጭኔዋን ለመያዝ ገብተው በላቦራቶሪው ቀሩ። ቀስ በቀስ ማደንዘዝን፣ መስፋትን፣ በኋላም በእንስሳት ላይ የልብና የጉበት ንቅለ ተከላ ማድረግን ተካኑ። ለሥልጠና የመጡ ቀዶ ሐኪሞችንም አስተምረዋል። በዓለም የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ የመሩት ክርስቲያን ባርናርድ የናኪን የእጅ ችሎታ በአደባባይ መስክረዋል።

ናኪ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያርፉ ስማቸው ያላቸው የውጭ ጋዜጦች ታኅሣሥ 3 ቀን 1967 በተደረገው በዚያ ንቅለ ተከላ ላይ በድብቅ ተሳትፈዋል ብለው ጻፉ። ይህ እውነት አልነበረም፤ ጋዜጦቹም ዘገባቸውን አርመዋል። በአፓርታይድ ሥርዓት ጥቁር የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነጭ በሽተኛ በተኛበት የቀዶ ሕክምና ክፍል ሊሠራ አይችልም ነበር። የተጋነነው ወሬ እውነተኛውን ሥራቸውን መጋረዱ ያሳዝናል፤ ትልቁ ሥራቸው በላቦራቶሪው የሠሩትና ለሌሎች ያስተማሩት ነውና። ዩኒቨርሲቲው በ2003 የክብር ማስተርስ ዲግሪ ሰጥቷቸዋል።

በአሜሪካም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። አናጺው ቪቪያን ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1930 በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሐኪም አልፍሬድ ብላሎክ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። የሚሠሩት የምርምር ሥራ ቢሆንም በደመወዝ መዝገቡ ላይ የሰፈሩት በጽዳት ሠራተኛነት ነበር። ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ከተዛወሩ በኋላ፣ በልብ ጉድለት ምክንያት ከንፈራቸውና ጥፍራቸው የሚጠቁር ሕፃናትን ለመርዳት የሚያስችለውን የደም ሥር መቀጠል ዘዴ በውሾች ላይ ደጋግመው ሠሩ፤ ለሥራው የሚሆኑ መሣሪያዎችንም አመቻቹ። ኅዳር 29 ቀን 1944 ብላሎክ የ15 ወር ሕፃን ላይ ቀዶ ሕክምናውን ሲያደርጉ ቶማስ ከጀርባቸው በርጩማ ላይ ቆመው የስፌቱን አካሄድ ይነግሯቸው ነበር። ሕፃኗ ከወራት በኋላ ብትሞትም ዘዴው ከዚያ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን አትርፏል። በ1945 በታተመው ጽሑፍ ላይ ግን የቶማስ ስም አልነበረም። የክብር ዶክትሬት ያገኙት በ1976 ነው።

የኢትዮጵያው ምሳሌ ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከቀዶ ሕክምና ክፍል የተገኘ ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ከገጠር ወጣትነታቸውን ሳይጨርሱ በወሊድ ምክንያት በፊስቱላ ተጎድተው አዲስ አበባ ለሕክምና መጡ። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ካከሟቸው በኋላ በሆስፒታሉ አልጋ በማንጠፍ ሥራ ጀመሩ። ቀጥለው መሣሪያ አቀባይ፣ ከዚያም በዶክተር ሬጂናልድ እየተመሩ ራሳቸው ፊስቱላ የሚጠግኑ ሆኑ። መደበኛ የሕክምና ትምህርት ሳይማሩ ሐኪሞችን አሠልጥነዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ ከሃምሊን ባልና ሚስት ጋር ተሸልመዋል።

እንዲህ ያለው መንገድ ዛሬ ተዘግቷል፤ መዘጋቱም ለታካሚው ደኅንነት ተገቢ ነው። እንስሳትን ለምርምር ማዋል ራሱ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመረመራል። እ.ኤ.አ. በ1959 ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ያስቀመጧቸው ሦስት መመሪያዎች አሁንም መሠረት ናቸው፦ በሌላ ዘዴ መተካት ከተቻለ እንስሳ አለመጠቀም፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ስቃዩን ማቃለል። ሦስተኛው በዋናነት በረዳቱ እጅ ነው።

ዛሬ ወደዚህ ሙያ የሚገባው ወጣት በሕክምና ላቦራቶሪ፣ በእንስሳት ሕክምና፣ በማደንዘዣ ወይም በነርስነት የሠለጠነ ሊሆን ይገባል። ደብረ ብርሃን ለዚህ መነሻ የሚሆን ነገር አላት። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በቀዶ ሐኪሙ በፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ስም ይጠራል። የከተማዋ የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ በበግ ምርምር ይታወቃል። ቀዶ ሕክምናን የሚያውቀው ወገንና በግን የሚያውቀው ወገን በአንድ ከተማ መገኘታቸው በየቦታው የሚገኝ ዕድል አይደለም።

በዘርፉ ለሚቀጠር ወጣትና ለቤተሰቡ ከቶማስ ታሪክ የሚወሰድ ተግባራዊ ነገርም አለ። በቅጥር ደብዳቤው ላይ የሰፈረው የሥራ መደብ መጠሪያ በላቦራቶሪው ከሚሠራው ሥራ ጋር መመሳሰሉን ከፊርማ በፊት ማየት ይጠቅማል፤ ደመወዝና የደረጃ ዕድገት የሚቆጠሩት በዚያ መጠሪያ ነው። ምርምሩ ሲታተም ማን በጸሐፊነት፣ ማን በምስጋና እንደሚጠቀስም ሥራው ሳይጀመር ከተመራማሪው ጋር በጽሑፍ መነጋገር የሚቻል ጉዳይ ነው።