ሰሜን ተራሮች፦ በሰው ቀዬ ላይ የወጣ ሕግ

(ድምፅ፦ የደጋ ነፋስ፤ ከሩቅ የጭላዳ ጩኸት። ቀስ እያለ ይጠፋል።)

ተራኪ፦ ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር በኩል ወደ ጨነቅ የሚወጣ ጎብኚ ብቻውን አይሄድም። ከተማው ውስጥ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ክፍያውን ይፈጽማል፤ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይመደብለታል፤ ከዚያ መንገድ ይጀምራል። ስካውቱ ብዙውን ጊዜ ያው የአካባቢው ሰው ነው። እሱ የሚያስከብረው ሕግ ግን የተጻፈው ከዚህ ርቆ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። የዛሬው ዝግጅታችን የሚከተለው የዚህን ሕግ ጉዞ ነው።

የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ የጀመረው በአደን ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ ደንብ ወጥቶ የዝሆን አደን እንዲገታ ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1944 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 61 ወጣ። ሁለቱም ዓይናቸው አዳኙ ላይ ነበር። አውሬው ስለሚውልበት ዱርና ገደል ያሰበ ሕግ ገና አልመጣም።

ያ ሐሳብ የመጣው በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ነው። በመንግሥት ጥያቄ ዩኔስኮ አንድ የባለሙያዎች ቡድን ላከ። ቡድኑን የመሩት የዩኔስኮ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር የነበሩት የሥነ ሕይወት ሊቅ ሰር ጁሊያን ሃክስሊ ነበሩ። ፓርኮች ይከለሉ አሉ፤ ምክሩም ተሰማ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ክላይቭ ኒኮል የሚባል የዌልስ ተወላጅ ወጣት የጥበቃ ኃላፊ ሆኖ ሰሜን ተራሮች ላይ ከተመ። ስለ ሰሜን ቆይታውም መጽሐፍ ጽፏል።

(ሙዚቃ፦ አጭር የማሲንቆ መሸጋገሪያ።)

ተራኪ፦ ጥቅምት 1962 ዓ.ም. ትእዛዝ ቁጥር 59 በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ወጣ። በሰሜን ተራሮች 136 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። ዋናው ምክንያት ዋልያ ነው፤ ከዚህ ገደል በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። በዓመቱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት በትእዛዝ ተቋቋመ፤ በ1964 ዓ.ም. ዝርዝር ደንብ ተከተለ። ፓርክ ውስጥ መኖር፣ ማረስ፣ ከብት ማሰማራት ክልክል ሆነ።

ክልክል በተባለው መሬት ላይ ግን ሰው ነበር። የግጭን መንደር እንውሰድ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር እጅግ ከፍ ብሎ በተዘረጋው ሜዳ ላይ፣ በጓሳና በጅባራው መካከል፣ ገብስ የሚዘራ፣ በግና ከብት የሚያረባ ገበሬ ይኖር ነበር። ደንቡ በወጣ ማግስት ይህ ሰው ከቀዬው ሳይንቀሳቀስ ሕገወጥ ነዋሪ ሆነ። የፓርክ ሕግ ሰው የለሽ ምድርን አስቦ የተቀረጸ ነው፤ ሰሜን ላይ ሲያርፍ ችግሩ የጀመረውም እዚያው ላይ ነው።

ደርግ ይህን በጉልበት ሊፈታው ሞከረ። በ1970ዎቹ መግቢያ ከሰሜናዊው ገደል ሥር ያሉ መንደሮች በግዳጅ ተነሱ። በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ፓርኩ ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆኖ ነበር። ክብሩና ማፈናቀሉ በአንድ ሰሞን ተገናኙ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አዋጅ ቁጥር 192 ደንንና የዱር እንስሳትን አንድ ላይ ጠቀለለ። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተራራውን ያዘው፤ ሕጉን የሚያስከብር ጠፋ።

(ድምፅ፦ የደወል ድምፅ፣ የበግ መንጋ።)

ተራኪ፦ የተራራው ሰው ሕግ ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው ብል አላጋነንኩም። አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ ማካካሻ፣ ሲያስፈልግም በመንግሥት በቂ እርዳታ ወደ ሌላ አካባቢ የመዘዋወር መብት ሰጠው። ያኔ ትእዛዝ ቁጥር 59 ከወጣ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎት ነበር።

በ1989 ዓ.ም. ዩኔስኮ ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። የዋልያና የቀይ ቀበሮ ቁጥር ማነሱ፣ በውስጡ የሚኖረው ሕዝብ መብዛቱና የመንገድ ሥራው አሳስቦት ነበር። ከመዝገቡ ለመውጣት ወሰኑ እንደገና ይካለል፣ መንደሮች ከወሰኑ ይውጡ፣ ተራሮችም ይጨመሩ ተባለ።

አዋጅ ቁጥር 541/1999 የመጣው በዚህ መሃል ነው። ጥበቃን ከቱሪዝም ገቢ ጋር አያያዘ፤ ዓለም አቀፍ ትርጉም ያላቸውን ፓርኮች ለፌዴራል መንግሥት ሰጠ። የሰሜን አስተዳደርም ከአማራ ክልል ወደ ፌዴራሉ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ2014 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አዲሱን ወሰን በሕግ አጸደቀው፤ ፓርኩ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ። በርካታ መንደሮችን ሰው በመንካት ሳይሆን መስመሩን በማንሳት ከፓርኩ ማስወጣት ተቻለ። ለእኔ ከሁሉም ሕጎች ብልኅነት የታየበት ይህ ነው።

ግጭ ግን ፓርኩ እምብርት ላይ ናት፤ መስመር አይሸሻትም። በ2008 ዓ.ም. 418 አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ገበሬ ከተሜ ሆነ። ገንዘቡ የቤት መሥሪያ ይሆናል፤ ከእርሻ በቀር ሙያ ለማያውቅ ሰው ግን ነገ የሚበላውን አይነግረውም።

በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። የዓለም ቅርስ ኮሚቴው በዚያው ውሳኔው የግጦሽ ጫናው እንዲቀንስና ለአካባቢው ሰው ሌላ መተዳደሪያ እንዲፈለግ አሳስቧል። ከብት በፓርኩ ማሰማራትን የሚከለክል ሕግ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የጎደለው ለከብቱ መኖ፣ ለባለቤቱ ሥራ ነው፤ የሚቀጥለው ደንብ ሲረቀቅ ከዚያ ቢጀምር ይሻላል።