ከታሪክ መጽሐፉ በፊት

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ ሃይስኩል የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። ከአገር ቤት የመጣ ልጅ ሊመዘገብ ሲቀርብ መጀመሪያ የማየው ካርዱን ነው። በቅርብ ዓመታት የሚመጡልኝ ካርዶች መሐላቸው ባዶ ነው። ከመቀሌ የመጣው ልጅ ካርድ 2012 ላይ ይቆማል። መጋቢት ላይ በኮሮና የተዘጋው ትምህርት ቤት ሳይከፈት ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ደረሰ፤ በኋላም ክፍሎቹ የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። ከጎጃም የመጣው ደግሞ 2015ን እንደምንም ጨረሰ፤ ክረምቱ ላይ ውጊያ ተነሣ፤ መስከረም ሲጠባ የሚገባበት ክፍል አልነበረም። ጭራሽ ካርድ የሌለውም አለ፤ መዝገብ ቤቱ ተቃጥሏል።

ሁለቱ ልጆች አንድ የአልጀብራ ክፍል ደረሳቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም ነበር። ያቀራረባቸው የእኔ ምክር ሳይሆን ክፍልፋይ ነው። አንድ ጥያቄ ላይ ሁለቱም ተያዙ። «ይሄን ሳንማር ነው የተዘጋብን» አለ አንዱ። «አንተ ስንት ዓመት ተቃጠለብህ?» አለው ሌላው፤ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ስለ ጦርነቱ ሲያወሩ እስካሁን አልሰማኋቸውም። ምሳ ግን አብረው ይበላሉ።

በዲሲ አካባቢ ስብሰባዎቻችን ላይ ሰላምና ትምህርት በተነሡ ቁጥር ወሬው ወዲያው ወደ ታሪክ መጽሐፍ ይዞራል፤ ማን ምን ተብሎ ይጻፍ በሚለው ይመሻል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የማልስማማው በቅደም ተከተሉ ነው። ሩዋንዳ ከ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) የዘር ፍጅት በኋላ ልጆቿን ወደ ክፍል ስትመልስ የታሪክ ትምህርትን ለዓመታት አቆይታዋለች። እኔ የምኖርባት አሌክሳንድሪያም በ1971 የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቿን በሙሉ፣ ጥቁሩንም ነጩንም፣ አንድ ትምህርት ቤት አስገባቻቸው፤ «ሪሜምበር ዘ ታይታንስ» የተባለው ፊልም የእነሱ ታሪክ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን የዘር መለያየትን ይደግፍ በነበረ ሰው ስም ይጠራ ነበር። ስሙ ተቀይሮ አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል የተባለው በ2021 ነው። ሃምሳ ዓመት! ልጆቹ ስሙ እስኪቀየር ቢጠብቁ ኖሮ የልጅ ልጅ ባዩ ነበር።

እዚህ አገር ደግሞ የተቃጠለውን ዓመት ማካካስ ይቻላል፤ ብዙ ዘመድ ግን ይህን አያውቅም። ልጁ 18 ሞላው ተብሎ በመጣ በሳምንቱ ፓርኪንግ የሌሊት ፈረቃ ይገባል። የቤት ኪራዩን አውቃለሁ፤ አልፈርድም። ነገር ግን በሜሪላንድ ሕግ 21 ዓመት ያልሞላው ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ ይማራል። በቨርጂኒያ ከ12 ዓመቱ በኋላ መጥቶ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነን ተማሪ 22 እስኪሞላው ድረስ ሊቀበሉት ይችላሉ። የኢሚግሬሽን ወረቀት የለውም ተብሎ ልጅ ከትምህርት ቤት እንዳይመለስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ወስኗል።

ስለዚህ አደራ፣ ከአገር ቤት የመጣ ወጣት ቤታችሁ ካለ ሥራ ከማስገባታችሁ በፊት ትምህርት ቤት አምጡት። ካርድ ባይኖረውም ፈተና ተሰጥቶት ይመደባል።