የልጆችን ትንፋሽ የሚያጠናው ወጣት ገንዘቡን ከየት ያገኛል?

ልጅ ሌሊት እየሳለ ደረቱ ሲር ሲር ሲል ቤተሰቡ ሁሉ የራሱን ምክንያት ይሰጣል። አያት «ብርድ መትቶት ነው» ይላሉ፤ እናት የሠፈሩን አቧራ ታማርራለች፤ አባት አዲሱን ብርድ ልብስ ይጠረጥራል። ሐኪም ዘንድ ሲኬድ ደግሞ አስም ወይም አለርጂ ሊሆን እንደሚችል ይነገርና መድኃኒት ይታዘዛል። «ለምን የእኛን ልጅ?» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ሳይመለስ ይቀራል።

ይህን ጥያቄ ይዘው ቤት ለቤት ከሚዞሩት መካከል ገና ለዶክትሬት ዲግሪያቸው የሚሠሩ ወጣቶች ይገኙበታል። ለእነሱ የሚሰጥ የጥናት ገንዘብ ምን እንደሚያስገኝ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ነገሩ ከጅማ ይጀምራል። በጅማ ከተማና ራቅ ባሉ ገጠሮች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 በታዋቂው የሕክምና መጽሔት «ላንሴት» ታተመ። አስም በከተማው ከገጠሩ ይልቅ በዝቶ ተገኘ። የበለጠ ያስገረመው ግን ሌላ ነበር። በፍራሽና በትራስ ውስጥ ለሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተባዮች ቆዳቸው የተቆጣ የከተማ ሰዎች ለአስም ይበልጥ የተጋለጡ ሲሆኑ፣ በገጠር ግን ይህ ግንኙነት አልታየም። የገጠሩን ሰው ምን ጠበቀው? እ.ኤ.አ. በ2001 በዚያው መጽሔት የወጣ ሌላ የጅማ ጥናት ወደ አንጀት ትላትል ጠቆመ፤ መንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ ያነሰባቸው ሆነው ተገኙ። (ትል ይጠቅማል ብሎ የልጅን የትል መድኃኒት የሚያስቀር እንዳይኖር! በእንግሊዝ ኖቲንግሃም 32 የአስም ሕመምተኞችን ያሳተፈ ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ የትሉን እጭ የወሰዱት ጎልቶ የሚታይ መሻሻል አላገኙም።)

ጥያቄው በትክክል እንዲመለስ ልጆችን ከእናታቸው ማሕፀን ጀምሮ መከታተል ያስፈልግ ነበር። ዕድሉ የተገኘው ቡታጅራ ላይ ነው፤ ያውም ስለ አስም ባልተጀመረ ጥናት። ዶክተር ሻርሎት ሀንሎን የእርጉዝ እናቶችን የአእምሮ ጤንነት ለማጥናት ከእንግሊዙ ዌልካም ትረስት ለሥልጠና ላይ ላለ ተመራማሪ የሚሰጥ ድጋፍ አግኝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተመዘገቡት 1,065 እናቶች ሲወልዱ፣ የአስምና የአለርጂ ተመራማሪዎች እነዚያኑ ልጆች በአንድ ዓመታቸው፣ በሦስት ዓመታቸው፣ ቀጥሎም በአምስት ዓመታቸው ተከታተሏቸው። ለአንድ ወጣት ተመራማሪ የተሰጠ ገንዘብ ለሌላው ወጣት መንገድ ጠረገ ማለት ነው። ከእነዚህም አንዱ ዶክትሬታቸውን በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሠሩት አለማየሁ አምበርብር ናቸው።

ጥናቱ የታሰበው በዋናነት ለትሉ ጉዳይ ነበር። ይሁንና በልጆቹ ላይ የተገኘው ትል እጅግ ጥቂት ስለሆነ ማወዳደር አልተቻለም። ይልቅ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ውጤት ጎልቶ የወጣው በየቤታችን መደርደሪያ ላይ የማይጠፋው ፓራሲታሞል ነው። በመጀመሪያ ዓመታቸው ፓራሲታሞል ደጋግመው የወሰዱ ሕፃናት በኋላ ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ የመጀመር ዕድላቸው ከፍ ብሎ ታየ፤ መጠኑ ሲጨምር ዕድሉም ጨመረ።

እዚህ ላይ ሽሮፑን አውጥተው ከመጣልዎ በፊት ረጋ ይበሉ። ፓራሲታሞል የሚሰጠው ለታመመ ልጅ ነው። ደረቱን የጎዳው መድኃኒቱ ይሁን ወይስ መድኃኒቱን ያስወሰደው ጉንፋን፣ መለየቱ ከባድ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን በስሌታቸው ለማካተት ሞክረዋል፤ ቢሆንም እንዲህ ዓይነት ክትትል ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ቀለል ያለ አስም ባለባቸው 300 ሕፃናት ላይ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በዕጣ ተሰጥተው ሲነጻጸሩ አስሙን በማባባስ ረገድ ልዩነት አልታየም። እነዚያ ልጆች ግን አስቀድሞም አስም የነበረባቸው ናቸው። ጤነኛውን ሕፃን ለአስም ይዳርገዋል ወይ የሚለው የቡታጅራ ጥያቄ ገና ሌላ ተመራማሪ ይፈልጋል። እስከዚያው ትኩሳት ላለበት ልጅ በክብደቱ ልክ፣ ሲያስፈልግ ብቻ መስጠት ነው። ጎኑ ወደ ውስጥ እየገባ የሚተነፍስ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ልጅ ግን በቤት አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም።

ያ ሌላ ተመራማሪ ከየት ይምጣ? ወጪው የሚጀምረው ከእግር መንገድ ነው፤ ለጠያቂዎች አበልና ትራንስፖርት፣ ለሰገራ ምርመራ ላቦራቶሪ። የቆዳ አለርጂ መመርመሪያው ፈሳሽ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የተመራማሪው ልብ ይሰቀላል።

በእኔ እይታ ግን ትልቁ እጥረት ጊዜ ነው። ጀማሪው ሐኪም ጠዋት ዎርድ ውስጥ ነው፣ ከሰዓት ያስተምራል፣ ማታ ደግሞ ተረኛ ይሆናል። ለምርምር የሚተርፈው የድካም ሰዓት ነው። ለዚህም ነው የአሜሪካው ፎጋርቲ ማዕከል በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ጀማሪ ተመራማሪዎች ካዘጋጃቸው ድጋፎች አንዱ፣ ተሸላሚው የሥራ ጊዜውን 75 በመቶ ለምርምሩና ለሥልጠናው እንዲያውል የደነገገው። ገንዘቡ ማይክሮስኮፕ ብቻ ሳይሆን ጊዜም ይገዛል።

ልጅ ግን በድጋፍ ዘመን አይለካም። አስም በሁለት ዓመቱ ታይቶ በስድስት ዓመቱ ሊጠፋ፣ ወይም በጉርምስና ሊመለስ ይችላል። ድጋፉ ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት ነው፤ ሲያልቅ ወጣቱ ገንዘብ ወዳለበት ሌላ ርዕስ ወይም ሌላ አገር ይሄዳል፤ ቤተሰቦቹም «ያ ልጅ የት ገባ?» እያሉ ይቀራሉ።

መጠይቅ የያዘ ወጣት በርዎን ቢያንኳኳ ፈቃዱን ማየት መብትዎ ነው፤ ያለመሳተፍም እንዲሁ። ከተስማሙ ግን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው? ውጤቱንስ መቼ መጥተህ ትነግረናለህ? የቡታጅራዎቹ ሕፃናት ዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ አንዳንዶቹም በቅርቡ የራሳቸውን ልጅ ይዘው ለእነዚሁ ጥያቄዎች መልስ ይፈልጉ ይሆናል።