ሦስተኛው እግርና የመንጃ ፈቃድ

በወላይታ ሶዶ ባጃጅን የማያውቅ ወጣት የለም። በጎኑ ጋሪ የተቀጠለለት ሞተር ብስክሌትም ባለ ሦስት እግር ነው፤ ጠባዩ ግን ከባጃጅም ከተራው ሞተርም ይለያል። አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ስለምትነዳ፣ ጋሪው የሚቀጠለው በቀኝ ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ወደ ቀኝ፣ ፍሬን ሲይዙት ወደ ግራ ይስባል። ጋሪው ባዶ ሆኖ በፍጥነት ወደ ቀኝ ቢታጠፍ፣ የጋሪው እግር ከመሬት ይነሣል። ነጂው እንደ ለመደው ሞተሩን ዘንበል አድርጎ ሊታጠፍ አይችልም፤ መሪውን በክንዱ ማዞር አለበት።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1961 ተለማማጆች ከ250 ሲሲ በላይ እንዳይነዱ ሲከለከሉ፣ ጋሪ ለቀጠለ ግን ክልከላው አልደረሰበትም ነበር። ስለዚህ ትልቅ ሞተር የተመኘ ተለማማጅ ጋሪ መቀጠል ይበቃው ነበር፤ ሕጉን አሟላ እንጂ ሙያውን አልተማረም።

በእኛ አገር የመንጃ ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት በየምድቡ ይሰጣል፤ ከፈተናውም በፊት ሥልጠና አለ። ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለች፣ የአርባ ምንጭ፣ የሆሳዕናና የሻሸመኔ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ቁልቁለቱና መታጠፊያው የነጂውን ፈቃድ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ችሎታውን ነው። እንግዲህ ወጣቶቻችን ሥልጠናውን ወረቀት ማግኛ ብቻ እንዳያደርጉት እንመክራለን፤ በጋሪው ውስጥ የሚቀመጠው የሌላ ሰው ነፍስ ነውና።