ዋራንቱን የፈረመው ማነው?

«አይስ ዋራንት ይዞ ከመጣ በር መክፈት ግዴታ ነው።» ሐበሻ በሚበዛባቸው እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉ የአሜሪካ ሰፈሮች ብዙ የሚናፈስ አባባል ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት የሆነው አይስ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አይ-200 ወይም አይ-205 የተባለ የዋራንት ቅጽ ሲሆን፣ የሚፈርመው የራሱ የኢሚግሬሽን ሹም ነው። መንገድ ላይ ሰው ለመያዝ ይበቃል። ቤት ለመግባት ግን፣ የሕይወት አደጋን የመሰለ አጣዳፊ ነገር ካልተፈጠረ ወይም ነዋሪው ካልፈቀደ፣ የፍርድ ቤት ዳኛ ፊርማ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን እ.ኤ.አ. በ1980 ፔይተን በተባለው ክስ ለፖሊሶች አስረግጦ ነግሯቸዋል። የኢሚግሬሽን ዳኛ የሚሰጠው የዲፖርቴሽን ትእዛዝም እዚህ ላይ አይቆጠርም።

ስለዚህ በሩ እንደተዘጋ ወረቀቱን በመስኮት እንዲያሳዩ ወይም ከሥር እንዲያሾልኩ መጠየቅ ይቻላል። ከላይ የፍርድ ቤት ስም፣ ከታች የዳኛ ፊርማ፣ መሀል ላይ ትክክለኛው አድራሻ አለ ወይ? ሰደርያቸው ላይ «ፖሊስ» ተብሎ መጻፉ ማንንም አያሳስት።

አይስ ራሱ ግን በዚህ አይስማማም። በሜይ 2025 የወጣና በጃንዋሪ 2026 ይፋ የሆነ የውስጥ ማስታወሻው፣ የመጨረሻ የዲፖርቴሽን ትእዛዝ ያለበትን ሰው በአይ-205 ብቻ ከቤቱ በኃይል መያዝ ይቻላል ይላል። በዚያው በጃንዋሪ አንድ የሚኒሶታ ፌዴራል ዳኛ፣ በር ተሰብሮ በተያዘ ላይቤሪያዊ ጉዳይ፣ ሕገ መንግሥቱ ተጥሷል ብሎ ወስኗል። እንግዲህ መብቱ አለ ማለት በሩ አይሰበርም ማለት አይደለም። ከገቡ መታገል ጣጣ ያመጣል፤ «አልፈቀድኩም» ብሎ ጮክ ብሎ መናገር ግን ለኋላ ክርክር ይጠቅማል።

«ባለቤቱ ከፈቀደ አለቀ» የሚለውም የእኛን የኑሮ ዘይቤ ያላየ ነው። ቤዝመንቱን ያከራየ ሰው በተከራዩ ክፍል ላይ መፍቀድ አይችልም። ሳሎንና ኪችን የሚጋራ ሩምሜት ግን ለጋራው ቦታ መፍቀድ ይችላል፤ ሌላው ነዋሪ እዚያው ቆሞ እምቢ ካላለ በስተቀር። አብረው የሚኖሩ ሰዎች አስቀድመው ቢነጋገሩበት ይሻላል።

«ወረቀት የሌለው መብት የለውም» የሚለው ፈጽሞ ስህተት ነው፤ የቤት ጥበቃው በዜግነት አይለይም። «ያለ አግባብ ከገቡ ኬዙ ይዘጋል» የሚለውም እንዲሁ። በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ከሕግ ውጭ የተገኘ ማስረጃ በኢሚግሬሽን ችሎት በጥቅሉ ውድቅ እንደማይደረግ ወስኗል፤ ማስረጃው ውድቅ የሚሆንበት ዕድል ያለው ጥሰቱ እጅግ ሲከፋ ነው። ጠበቃው ያንን ለማሳየት ሰዓቱን፣ የገቡበትን አኳኋንና የባጅ ቁጥራቸውን ይፈልጋል።