የተከፋፈለን ዕውቀት ማገናኘት፦ የኤድጋር ሞረን ሐሳብና የርቀት የድኅረ ምረቃ ትምህርት

ዕውቀት በየትምህርት ዓይነቱ ተከፋፍሎ መሰጠቱ ለጥልቀት የሚበጅ ቢሆንም፥ ክፍሎቹን መልሶ የሚያገናኝ ሲጠፋ ተማሪው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሠራበትን ቀመር በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ እንደ ባዕድ ይመለከተዋል። ይህን ጉድለት የረጅም ዘመን የጥናት ርእሳቸው ካደረጉት ሊቃውንት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1921 በፓሪስ የተወለዱት ፈረንሳዊው ፈላስፋና የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ኤድጋር ሞረን ናቸው። «ዘዴው» የተሰኘው ባለስድስት ቅጽ ሥራቸው ከ1977 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ታትሟል።

የሐሳባቸው መነሻ አንድን ነገር ለማወቅ መነጠል ቢያስፈልግም ነጥሎ መተው ያሳስታል የሚል ነው። ለዚህም ሦስት መርሖችን ያቀርባሉ። የመጀመሪያው፥ ሥርዓትና ሁከትን የመሳሰሉ ተቃራኒዎች አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ አብረው እንደሚሠሩ ይቀበላል። ሁለተኛው የምልልስ መርሕ ሲሆን፥ ውጤት ተመልሶ ያስገኘውን ነገር እንደሚያስገኝ ያስረዳል፤ ይኸውም ግለሰቦች በግንኙነታቸው ኅብረተሰብን ይፈጥራሉ፥ ኅብረተሰቡም በቋንቋውና በባህሉ መልሶ ግለሰቦቹን ይቀርጻል። ሦስተኛው፥ ክፍሉ በጠቅላላው ውስጥ እንዳለ ሁሉ ጠቅላላውም በክፍሉ ውስጥ እንደሚገኝ ያመለክታል። ለዚህ የባዮሎጂ መምህር ምሳሌ አያጣም፤ ከጥቂቶች በቀር እያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ የመላውን አካል የዘር መረጃ ይዟል።

ዩኔስኮ በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሞረን ጽሑፍ ለመጪው ዘመን ትምህርት ሰባት መሠረታዊ ዕውቀቶችን ይዘረዝራል። ከእነዚህ መካከል ለመምህር ይበልጥ የሚከብደው ዕውቀት ራሱ ለስሕተት የተጋለጠ መሆኑን ማስተማር ሳይሆን አይቀርም። መማሪያ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የተደረሰበትን ውጤት እንጂ በመንገድ ላይ የነበረውን መሳሳት አያሳይምና።

ይህን ሐሳብ በድኅረ ምረቃ ደረጃ በኢንተርኔት ለማስተማር ከተነሡት ተቋማት አንዱ፥ በሜክሲኮ ሶኖራ ክፍለ ግዛት በኤርሞሲዮ ከተማ የተመሠረተውና በሞረን ስም የተሰየመው መልቲቨርሲዳድ ነው። (ስሙ ራሱ፥ ዩኒቨርሲቲ በሚለው ቃል ውስጥ ያለውን «አንድ» በ«ብዙ» የለወጠ ነው።)

እዚህ ላይ ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የኢንተርኔት ኮርስ እንደ ባሕርዩ በየሳምንቱ የተቆራረጠ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ንባብ፥ የቤት ሥራና ነጥብ ተመድቦለታል። ማገናኘትን የሚያስተምር ትምህርት በዚህ መልክ ሲቀርብ፥ ተማሪው ስለ መገናኘት የተጻፉ ቁርጥራጮችን ሰብስቦ ዲግሪውን ሊቀበል ይችላል። በሌላ በኩል የርቀት ተማሪ ከሥራው አይለይም። መምህሩ ያነበበውን በማግሥቱ በክፍሉ ይሞክራል፥ የገጠመውንም ወደ ጥናቱ ይመልሳል፤ የምልልስ መርሕ ከንባብ ወጥቶ በሥራ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። እንግዲህ የኮርሱ ዋጋ የሚመዘነው በመጨረሻው የጥናት ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ሥራ አንድን እውነተኛ ችግር ከልዩ ልዩ ሙያዎች ጋር የሚያስመረምር ካልሆነ የተቀረው ንባብ ብቻ ይሆናል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲን ተከትሎ የተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የተፈጥሮና የኅብረተሰብ ጉዳዮችን በአካባቢ ሳይንስ አጣምሮ ያቀርብ ነበር። በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ የሠለጠነ መምህር እንዲህ ያለ ትምህርት ሲመደብለት የሞረንን ስድስት ቅጾች ማንበቡ ብዙም አያግዘውም። የሚረዳው፥ አፈር፥ ዝናብ፥ ገበያና ልማድ በአንድ የወረዳው ማሳ ላይ እንዴት እንደሚገናኙ ከግብርና ባለሙያና ከጤና ሠራተኛ ጋር የሚያጠናበት ኮርስ ነው፤ ለዚህም ቢያንስ አንድ ሙሉ መንፈቀ ዓመት ያስፈልጋል።